እንግዳው ዳኛ በሆነ ጊዜ

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር አንዲት ጎረቤታችን፥ ልጆቻቸውን ያስተማርንላቸው ወይዘሮ፥ ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። እኒህ ወይዘሮ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ኑሯቸውን የሚደግፉት፥ ከደብሩ አጥር አጠገብ ባለው ግቢያቸው በስተጓሮ የተሠሩትን ሁለት ክፍሎች ከውጭ አገር ለሚመጡ እንግዶች በአዳር ሒሳብ በማከራየት ነው። እንግዳውን የሚያመጣላቸው በኢንተርኔት አማካይነት ባለ ቤትንና መንገደኛን የሚያገናኝ አንድ ድርጅት ሲሆን፥ የድርጅቱን ስም መጥራት ለነገራችን አያስፈልግም።

«መምህር፥ ይህን እንግሊዝኛ ያንብቡልኝ፤ ልጁ ምን እንዳለኝ ልወቀው» አሉን።

ጽሑፉ አጭር ነበረ። ወላጆቹ የአገራችን ሰዎች የሆኑ፥ እሱ ግን በውጭ አገር ያደገ አንድ ወጣት፥ በሰኔ ወር የደብሩ በዓል በሚከበርበት ሰሞን አምስት ሌሊት አድሮ ሄዶ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ እንደ ሆነ፥ ባለቤቲቱ እንደ እናት እንደ ተቀበሉት፥ ቡናቸውም ግሩም እንደ ነበረ ጽፏል። ቀጥሎ ሁለት ቀን ውሃ መጥፋቱን፥ የቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ማጉያ በሌሊት እንዳላስተኛው ጨምሮ፥ ከአምስቱ ኮከብ ሦስቱን ሰጥቷቸዋል።

ወይዘሮዋ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ከአምስት ሦስት ማለት ወድቄያለሁ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛም በመምህርነት ልማዳችን ፈጥነን አስልተን፥ «የለም፥ ከመቶ ስድሳ ማለት ነው፤ ደኅና አድርጎ ያሳልፋል፤ ደግሞስ የጻፈው ቃል ምስጋና አይደለምን?» ብለን አጽናንተን ሸኘናቸው።

ተሳስተን ነበር። ከዚያ ወጣት አስቀድሞ ስድስት እንግዶች አድረው ስድስቱም አምስት አምስት ሰጥተዋቸው ኖሮ፥ የእርሱ ሦስት ሲደመርበት የሰባቱ አማካይ 4.7 ሆነ። በተማሪ ወረቀት ላይ ይህ ቍጥር ቢገኝ ወላጅ ደስ ብሎት የሚያስመርቀው ነው። በዚያ ድርጅት ዘንድ ግን የወይዘሮዋ ቤት ቀድሞ ከሚታይበት ስፍራ ወደ ዝርዝሩ ግርጌ ወረደ፤ ስልካቸውም ለብዙ ሳምንት ሳይጮኽ ቆየ። ወራቱ ክረምት ስለ ነበረ ጥፋቱን ሁሉ በቍጥሩ ላይ መጣል ፍትሕ አይሆንም፤ ሆኖም ክረምቱ ካለፈ በኋላም እንግዳው እንደ ቀድሞው ቶሎ አልተመለሰም። ያን ጊዜ እኛ «ያሳልፋል» ያልነው ማርክ በሌላ ሚዛን የተመዘነ መሆኑ ስለ ገባን፥ ሚዛኑ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለማወቅ ተነሣን። በአንባቢዎቻችንም መካከል ክፍል የሚያከራዩ፥ ወይም በመንገድ በሰው ቤት የሚያድሩ ብዙዎች ስለሚገኙ፥ ያገኘነውን ከዚህ ቀጥለን እናወጋለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከእነዚህ አገናኝ ድርጅቶች መካከል ታሪኩ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ኤርቢኤንቢ ነው። በ2007 ብራያን ቼስኪና ጆ ጌቢያ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በሳን ፍራንሲስኮ የቤት ኪራይ ከበዳቸው። በዚያው ሰሞን በከተማይቱ የዲዛይን ጉባኤ ተደርጎ ሆቴሎቹ ሞልተው ስለ ነበረ፥ በአየር የሚነፉ ፍራሾች አንጥፈው ሦስት እንግዶች በአዳር 80 ዶላር እያስከፈሉ አሳደሩ። በማግስቱ ዓመት፥ በ2008፥ ኔተን ብሌቻርዚክ የተባለ ሦስተኛ ባልደረባ ተጨምሮ ድርጅቱ ተመሠረተ። አሳቡ ቀላል ሲሆን አንድ ትልቅ ዕንቅፋት ነበረበት፤ ይኸውም ሰው በማያውቀው ሰው ቤት እንዴት ይተኛል፥ ባለ ቤቱስ የማያውቀውን ሰው እንዴት በሩን ይከፍትለታል የሚል ነው። በእኛ አገር መንገደኛ በማታ ሲደርስ «የማነህ ልጅ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አባቱን ወይም አገሩን የሚያውቅ ሰው ይገኝና ነገሩ በዚያው ያልቃል። የሳን ፍራንሲስኮ እንግዳ ግን ቢጠየቅም የሚያውቅለት ስለሌለ፥ በዝምድናው ፈንታ ቀድሞ ያሳደሩት ሰዎች ምስክርነት ተተካ። የኮከቡ ፍርድ ሥራ ይህ ነው፤ ያለ እርሱ ንግዱ አንድ ወር አይቆምም።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። እንግዳው ከቤቱ ከወጣ በኋላ እስከ 14 ቀን ድረስ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፥ ቃሉንም ይጽፋል። ስለ ንጽሕናው፥ ቤቱ በዝርዝሩ እንደ ተነገረው መሆኑን፥ ስለ አቀባበሉ፥ ስለ መልእክት ልውውጡ፥ ቤቱ ስላለበት ስፍራና ዋጋው ተገቢ ስለ መሆኑ ለየብቻ ይጠየቃል። አጠቃላይ ኮከቡ ግን የእነዚህ አማካይ ሳይሆን ራሱን የቻለ ፍርድ ነው። ባለ ቤቱም በበኩሉ ስለ እንግዳው ይጽፋል። አስቀድሞ የአንዱ ጽሑፍ ለሌላው ወዲያው ይታይ ስለ ነበረ፥ ሁለቱም እየተፈራሩ ይሞጋገሱ ወይም አንዱ የሌላውን ክፉ ቃል አይቶ ብድሩን ይመልስ ነበር። ከ2014 ጀምሮ ሁለቱ ጽፈው እስኪጨርሱ ወይም 14ቱ ቀን እስኪያልፍ ድረስ ቃሎቹ ተሸፍነው ይቈያሉ። ኢቤይ የተባለው የገበያ ድርጅት ደግሞ ይህንኑ የብድር መመላለስ ለመከልከል በ2008 ሌላ መንገድ መረጠ፤ ሻጮች ስለ ገዢዎች ክፉ ቃል እንዳይጽፉ አገደ። የገዢው ፍርሃት እንዲህ ቢርቅለትም፥ ሻጩ ስለ ክፉ ገዢ የሚመሰክርበትን አንደበት አጣ።

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ደኅና የታሰበ ነው። ነገሩ የሚበላሸው በቍጥሩ ላይ ነው።

በ2015 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተመራማሪዎች በኤርቢኤንቢ ላይ ያሉትን ቤቶች ኮከብ ቢቈጥሩ፥ ከመቶው 95 የሚሆኑት 4.5 ወይም 5 ሆነው ተገኙ፤ ከ3.5 በታች የሆነ ቤት ከቶ የለም ለማለት ይቻል ነበር። ትሪፕአድቫይዘር በተባለው የመንገደኞች መዝገብ የሆቴሎች አማካይ ግን 3.8 ነበረ። እንግዲህ ሆቴሎቹ ሁሉ ከሰው ጓዳ የከፉ ናቸው ብሎ የሚያምን ካልተገኘ በቀር፥ ልዩነቱ በቤቶቹ ሳይሆን በፈራጆቹ አለ ማለት ነው። የክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ከዘጠና አምስት በላይ ያገኙበትን ፈተና ዲሬክተሩ ቢያይ፥ መምህሩን ጠርቶ ይጠይቀው ነበር።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ለእኛ ሰዎች ለመረዳት አያስቸግርም፤ ይሉኝታ እንለዋለን። በሆቴል ያደረ ሰው የሚፈርደው በሕንፃ ላይ ነው። በሰው ቤት ያደረ ግን ባለ ቤቲቱን አይቷል፥ ልጆቿን ስም ጠይቋል፥ እንጀራዋን ቀምሷል፤ ስለዚህ ወይ አምስት ይሰጣል ወይ ዝም ብሎ ይሄዳል። ተመራማሪዎች ሳይጽፉ ለቀሩት እንግዶች ትንሽ የገንዘብ ኩፖን ሰጥተው ቢያስጽፏቸው፥ እነዚያ የሰጡት ኮከብ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ቅሬታ ያለው ብዙ ሰው አፉን ዘግቶ እንደሚሄድ ከዚህ እንረዳለን። ታዲያ ዝምተኛው ዝም ሲል፥ አመስጋኙ አምስት ሲሰጥ፥ «አራት ማለት በጣም ጥሩ ማለት ነው» ብሎ በቅንነት የሚያስብ አንድ ሰው ሲመጣ ባለ ቤቱን ሳያውቅ ይጐዳዋል። ያ ወጣት እንግዳ ወይዘሮዋን ሊጐዳ አልፈለገም፤ ቃሉ ይመሰክርለታል። እኛ በወይዘሮዋ ፊት ስድሳ ከመቶ ያሳልፋል እንዳልን፥ እርሱም ባሕር ማዶ ሆኖ ያንኑ ሒሳብ አስልቶ ይሆናል።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ኤርቢኤንቢ ለብርቱዎቹ ባለ ቤቶች ሱፐርሆስት የሚባል ማዕርግ ይሰጣል፤ በየሦስት ወሩ ያለፈውን አንድ ዓመት መርምሮ ሲሰጥ፥ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ አማካዩ ከ4.8 እንዳያንስ ነው። አንድ አራት የተሰጠው ሰው ወደ 4.8 ለመመለስ አራት አምስቶች ያስፈልጉታል። ለአንድ ሦስት ዘጠኝ አምስቶች ያስፈልጋሉ። አንድ ኮከብ ብቻ የሰጠ ቍጡ እንግዳ ካጋጠመ ደግሞ ያን ለማረም 19 ሰዎች ያለ ጕድለት አምስት አምስት ሊሰጡት ይገባል። በወር ሁለት እንግዳ ለሚቀበል ቤተ ሰብ ይህ ከዘጠኝ ወር በላይ ነው። አሁን ደግሞ ብዙ ቤት ይዞ በዓመት መቶ እንግዳ የሚያሳድረውን ነጋዴ ተመልከቱ። ያው ቍጡ እንግዳ ለእርሱም አንድ ኮከብ ቢሰጠውና ሌሎቹ 99 አምስት ቢሰጡት፥ አማካዩ 4.96 ይሆናል፤ ቅንጣት አይሰማውም። ዐሥር እንግዳ ብቻ ያላት መበለት ግን በዚያው በአንድ ሰው ቍጣ ወደ 4.6 ትወርዳለች። ሚዛኑ ለሁሉ እኩል ነው ይባላል፤ እኩል የሚሆነው ግን ብዙ ለሚመዝን ሰው ነው። በዋሺንግተንና በአካባቢዋ በስልክ ጥሪ ሰው እያመላለሱ የሚያድሩ ወገኖቻችን ይህን ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል፤ የነጂውም እንጀራ የተንጠለጠለው በተሳፋሪው ኮከብ ላይ ነውና።

ሌላው ነገር፥ እንግዳው የሚፈርደው በምን ላይ እንደ ሆነ ነው። ቤቱ ስላለበት ስፍራ ኮከብ ስጥ ሲባል፥ ባለ ቤቲቱ ቤቷን ተሸክማ ወደ ሌላ ሰፈር ልትሄድ አትችልም። ወይዘሮዋ ውሃ የሚመጣበትን ቀን አይወስኑም፤ መብራቱንም አያጠፉትም አያበሩትም። ሆኖም ከዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚያከራይ ሰው ይህን ሳይናገር እንግዳ ቢቀበል፥ ጥፋቱ የውሃው መጥፋት ሳይሆን የእርሱ ዝምታ ነው። እንግዳ የሚቈጣው ባጣው ነገር ብቻ አይደለም፤ ያገኛል ተብሎ ባጣው ነገር ነው። ወይዘሮዋን «በዝርዝሩ ላይ ስለ ውሃው ጽፈው ነበርን?» ብለን ስንጠይቃቸው፥ «ገመናዬን ለባዕድ እንዴት እጽፋለሁ?» አሉን። ይህም ይሉኝታ ነው፤ ዋጋውም ሦስት ኮከብ ሆነ።

ስለ ድምፅ ማጉያውስ ምን እንበል? ነገሩ እኛንም ስለሚነካ ዘለን ልናልፈው አንችልም። የማኅሌቱንና የኪዳኑን ድምፅ እየሰማን ያደግን ሰዎች እንቅልፋችን የሚጠፋው ድምፁ የቀረ እንደ ሆነ ነው፤ ከባሕር ማዶ መጥቶ ገና ሰዓቱ ያልተስተካከለለት ወጣት ግን ሌላ ነው። በደብሩ አጠገብ ሕመምተኞችና አራሶችም እንደሚኖሩ ማስታወስ ለእኛ ለአገልጋዮቹ ነውር አይሆንብንም፤ ስለ ድምፁ ልክ ከሰበካው ሽማግሎች ጋር ልንነጋገርበት አስበናል። ለዚያ ድምፅ ግን ወይዘሮዋ ማርክ ሊቀነስባቸው አይገባም ነበር፤ ማጉያውን የሰቀልነው እኛ ነንና።

እስከዚህ የተናገርነውን ያነበበ ሰው፥ እንግዲያስ ይህ ፍርድ ፈጽሞ ቢቀር ይሻላል ይል ይሆናል። እኛ እንዲህ አንልም፤ ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

በ2014 ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በኒው ዮርክ የኤርቢኤንቢ አከራዮችን ዋጋ ቢያመዛዝኑ፥ በሌላው ነገር ሁሉ ለሚመሳሰል ቤት ጥቍር ያልሆኑት አከራዮች ከጥቍሮቹ 12 ከመቶ ያህል አብልጠው እንደሚያስከፍሉ አገኙ። ቀጥሎም በ2015 ዋሺንግተን ባለችበት በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ለ6,400 ያህል ቤቶች የማረፊያ ጥያቄ ላኩ። ጥያቄዎቹ በሁሉ ነገር አንድ ሆነው በጠያቂው ስም ብቻ ይለያዩ ነበር፤ ጥቍር አሜሪካዊ መሆኑ ከስሙ የሚታወቀው ጠያቂ የነጭ ስም ካለው 16 ከመቶ ያነሰ ተቀባይነት አገኘ። ይህ ውጤት በ2017 ታትሟል። ድርጅቱም በ2018 የእንግዳው ፎቶግራፍ ባለ ቤቱ ጥያቄውን ከተቀበለ በኋላ ብቻ እንዲታይ አደረገ።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን በ2020 የታተመው ሌላ ጥናት ነው። ስለ ጠያቂው ምንም ምስክርነት ባልተጻፈበት ጊዜ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ልዩነት ከመቶው 19 ያህል ነበረ። በጠያቂው ስም ሥር አንድ፥ አንድ ብቻ፥ መልካም ቃል ሲጻፍበት ልዩነቱ ሊለካ እስከማይችል ድረስ ጠፋ። ማለፊያ ያልሆነ ቃል እንኳ ቢሆን ልዩነቱን ይቀንሰው ነበር። ስሙን አይቶ በሩን ሊዘጋ የነበረው ሰው፥ ሌላ ሰው አሳድሮት ደኅና እንደ ሄደ ባየ ጊዜ በሩን ከፈተ። በባዕድ አገር ስማችን ለሰሚው እንግዳ የሆነብን እኛ ይህን ነገር ንቀን ልናልፈው አንችልም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምተናል፤ በዚህ ዘመን በማያውቁን ሰዎች አገር ስማችንን የሚያቆየው ያሳደረን ሰው የጻፈው አንድ መሥመር ሊሆን ይችላል።

ይህም ከሆነ ምስክርነቱ እውነተኛ መሆን አለበት። የሐሰት ምስክር በገንዘብ መግዛት የተለመደ ንግድ እስከ መሆን ስለ ደረሰ፥ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሲዮን ሐሰተኛ አስተያየት መጻፍን፥ መሸጥንና መግዛትን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ «ገንዘቤን ካልመለስህልኝ ክፉ እጽፍብሃለሁ» የሚል እንግዳ ነው። ኤርቢኤንቢ ይህን በደንቡ ከልክሏል፤ ባለ ቤቱ ግን ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ወይዘሮዋን የመከርናቸው ስለዚህ ነው፤ ከእንግዳ ጋር ስለ ገንዘብና ስለ ቅሬታ የሚነጋገሩትን ሁሉ በድርጅቱ የመልእክት ሳጥን ይጻፉት እንጂ በደጃፍ ላይ በቃል አይጨርሱት አልናቸው። በደጃፍ የተነገረ ዛቻ ለዳኛ አይታይም።

የወይዘሮዋንም ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ የእንግዳውን ብቻ መናገራችን አድልዎ ይሆናል። ከዚያ ወጣት አስቀድሞ ካሳደሯቸው ስድስቱ አንዱ ልብሱን ሊተኩስ ካውያውን በጠረጴዛቸው ላይ ጥዶ ትቶት፥ ጠረጴዛው የካውያ ቅርጽ ታትሞበት ቀርቷል። ወይዘሮዋ ለዚያ ሰው ምን ጻፉለት? በልጃቸው እጅ «እጅግ መልካም እንግዳ፥ ቤታችን ሁልጊዜ ክፍት ነው» ብለው አምስት ሰጡት። ለምን ብለን ብንጠይቃቸው፥ «እንጀራዬን የበላን ሰው በክፉ ላነሣ ነው?» አሉን። መልሳቸው ያኮራል፤ ነገር ግን ያ ሰው ቀጥሎ የሚያድርበት ቤት ባለቤትም መበለት ልትሆን ትችላለች፤ ጠረጴዛዋንም ማንም አያድንላትም። «ሰውዬው ቅን ነበረ፤ በካውያ ነገር ግን አልተጠነቀቀም» ብሎ መጻፍ ማንንም አያዋርድም።

እኛ በልጅነታችን በቅኔ ቤት ሳለን መምህራችን ማርክ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ተማሪው ቅኔውን በፊታቸው ይነግራል፤ ያማረ እንደ ሆነ «ይበል!» ይሉታል፤ የጐደለ እንደ ሆነ የጐደለችውን አንዲት ቃል ነቅሰው እዚያው በጓደኞቹ ፊት ያስተካክሉለታል። ተማሪው አፍሮ ይቀመጣል፥ ያችን ቃል ግን ዳግመኛ አይሳሳታትም። ኋላ በዘመናዊው ትምህርት ቤት መምህር ስንሆን፥ ቍጥር የመስጠትን ቀላልነት ለመድነው፤ ሰባት ከዐሥር ብለን እንጽፋለን፥ ልጁ ሦስቱን ምን አድርጎ እንዳጣ ሳያውቅ ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ይከታል። ያ ወጣት ውሃ በጠፋ ማለዳ ወጥቶ «እማማ፥ ውሃ የለም» ቢል ኖሮ፥ ወይዘሮዋ ከጎረቤት በጀሪካን አስቀድተው እንደሚያሞቁለት ጥርጥር የለንም። እርሱ ግን ለአምስት ቀን ፈገግ ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ከሄደ በኋላ ከአውሮፕላን ማረፊያ ጻፈ። በመሄጃው ቀን ቅሬታ የተናገረን እንግዳ ባለ ቤቱ ሊክሰው ይችላል፤ ከሄደ በኋላ የጻፈውን ግን ምን ያደርገዋል?

ድርጅቶቹስ? ለእንግዳው ኮከብ በሚሰጥበት ሰዓት «በዚህ ሚዛን አራት ማለት ከብዙዎቹ ያነሰ ማለት ነው» ብለው ቢነግሩት ምን ይከብዳቸዋል? ውሃንና መብራትን፥ ሰፈርንም የሚመለከተውን ፍርድ ከባለ ቤቱ ማዕርግ ቢለዩትስ? ከሰባት ሰዎች የተገኘውን 4.7 ከሰባት መቶ ሰዎች ከተገኘው 4.7 ጋር አስተካክለው በአንድ ረድፍ ማስቀመጣቸውም፥ ሒሳብ የተማረ ሰው የሚሠራው ሥራ አይደለም።

በመስከረም ወር ወይዘሮዋ እንደገና ወደ እኛ መጡ። ሁለት ሮቶ አስተክለው፥ በዝርዝሩም ላይ የሚጻፍ ቃል አዘጋጅተውልን ነበረ፤ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ሮቶው ሙሉ እንደ ሆነ፥ ቤተ ክርስቲያኑ ከአጥሩ ማዶ መሆኑንና በበዓል ሌሊት ድምፁ እንደሚሰማ፥ እንቅልፈ ቀላል የሆነ ሰው በስተኋላ ያለውን ክፍል እንዲመርጥ። «ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ እኔ ፊቱን አሳምሬ ፍትፍቱን ረስቼው ኖሯል» አሉን እየሣቁ። ለዚያ ወጣት ደግሞ መልስ መስጠት ይፈቀዳልና፥ አብረን ተቀምጠን በእንግሊዝኛ አዘጋጀንላቸው፤ ስለ አመሰገናቸው እንዳመሰገኑት፥ ስለ ውሃው አስቀድመው ባለመናገራቸው እንዳዘኑ፥ አሁን ግን ሮቶ እንዳስተከሉ። ጽሑፉን አንብበንላቸው ልንልከው ስንል እጃችንን ያዙን።

«ቈዩ መምህር፤ የስልኩን ቻርጀር ከአልጋው ሥር ረስቶታል፤ በቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጬለታለሁና ሲመጣ ይውሰድ ብለው ይጨምሩበት።»